«ተጫወቱ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የምሠራበት የቡና ድርጅት ከውጭ አገር የመጡ ሦስት ገዢዎችን ተቀብሎ ነበርና ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ይዣቸው እንድሄድ ተመደብኩ። ሌሊቱን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። የታጠበ ቡና፣ ያልታጠበ ቡና፣ የእርጥበት መጠን፣ የቅምሻ ነጥብ፣ የዋጋ ድርድር፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና አፌ እንዳይያዝ ፈርቼ ነበር።

ጠዋት መኪና ውስጥ ገባን። ወናጎን እንዳለፍን አንደኛው እንግዳ ወደ እኔ ዞሮ «ዲድ ዩ ካች ዘ ማች ላስት ናይት?» አለኝ። «ካች» እኔ በማውቀው መያዝ ነው፤ ኳስ በእጅ መያዝ፣ ሌባ መያዝ። ጨዋታ ደግሞ እንዴት ይያዛል? ግራ ቢገባኝም «የስ» ብዬ ፈገግ አልኩ። ሰውየው ደስ ብሎት «ሁ ዎን?» ሲል ጨመረ። ማን አሸነፈ ማለቱ ነው። ለካ «ትናንት ማታ ጨዋታውን አየሽው?» ነበር ጥያቄው። እኔ ደግሞ ጨዋታው መኖሩንም አላውቅም። ቀሪውን መንገድ በመስኮት የእንሰቱንና የቡናውን ዛፍ እያየሁ ጨረስኩት።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንድ አርሶ አደር ቤት ደርሰን ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። እንግዶቹ በዝምታ ሲኒያቸውን ይዘው ሲቀመጡ አባወራው ተጨነቁ። «ምነው ዝም አሉ? ተጫወቱ በያቸው እንጂ!» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «ፕሊስ፣ ፕሌይ!» አልኩ። ሦስቱም ተያዩ። አንደኛዋ በትሕትና «ፕሌይ ዋት?» ስትል ጠየቀችኝ። ምን እንጫወት? ኳስ ነው ካርታ?

ያን ቀን ዋጋውንም ጥራቱንም በደንብ አስረድቻለሁ፤ ሥራው አልተበላሸም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ቆጨኝ። ስለ ቡና ለአንድ ሰዓት መናገር እችላለሁ፤ ስለ ትናንት ማታ ጨዋታ ለአንድ ደቂቃ ማውራት አልቻልኩም። በንግድ ደግሞ ሰው የሚተዋወቀው በመንገድ ላይ ወሬ ነው። ስለ ኳስ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ዘፈን ተጨዋውቶ የተግባባ ሰው ነገ ስልክ ሲደወልለት ያነሳል።

94 ያመጣችው ልጄ ጓዳ ስትደበቅ

የእኔ ኀፍረት በሳቅ ያለፈ ነው። ያሳሰበኝ በልጄ ላይ ያየሁት ነው። ባለፈው ክረምት በአሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ከ12 ዓመት ልጇ ጋር መጣች። ልጄ ወሬውን ከሰማችበት ቀን ጀምራ ቀን ስትቆጥር ነበር። 6ኛ ክፍልን የጨረሰች፣ በእንግሊዝኛ 94 ያመጣች ልጅ ናት። እንዴት እንደሚያወሩ፣ ምን እንደሚያደርጉ ስታቅድ ከረመች።

የአክስቷ ልጅ ስትመጣ ግን ሌላ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም። በሁለተኛው ቀን እንግዳዋ ስልኳን ስትነካካ ልጄ ከጎኗ ቁጭ ብላ ጣቷን ስትቆጥር ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት፤ ሽንኩርት መላጥ ደግሞ ከሥራ ሁሉ የምትጠላው ነው። «ምነው እናቴ?» ስላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

«እማዬ፣ ፓሲቭ ቮይስ አውቃለሁ፤ ሁሉንም ቴንስ አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ ላጫውታት?»

ልጆቻችን በዲላ በሦስት ቋንቋ ያድጋሉ። ጌዴኡፋ በአያት ቤት፣ አማርኛ በከተማው፣ እንግሊዝኛ በክፍል ውስጥ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ «ማን ይመራል? ስንት ለስንት ነው? ፊልሙ ደስ አለህ?» ለማለት ሲቸገር ማየት የተለመደ ነው። እነዚህን ማንም ፈተና ላይ አያወጣቸውም። ቃላቱ ከባድ አይደሉም፤ ችግሩ ከአማርኛችን ጋር አንድ ለአንድ አለመገጣጠማቸው ነው። እስቲ ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ከምንጠቀምባቸው እንጀምር።

አንድ «ጨዋታ»፣ ብዙ እንግሊዝኛ

በአማርኛ ጨዋታ ሰፊ ቃል ነው። ኳሱም ጨዋታ፣ ካርታውም ጨዋታ፣ ወሬውም ጨዋታ። ጨዋታ አዋቂ የምንለው ሰው ኳስ የሚችለውን ሳይሆን ወሬው የሚጣፍጠውን ነው። ከስብሰባ ቀድሞ የሚወጣ ሰውም «በሉ ተጫወቱ» ብሎ ይሰናበታል።

እንግሊዝኛው ይህን ለያይቶ ያስቀምጠዋል። «ፕሌይ» ድርጊቱ ነው፤ ኳስ መጫወት፣ ጊታር መጫወት። «ጌም» ማንኛውም ጨዋታ ነው፤ ከገበጣ እስከ ፕሌይስቴሽን። «ማች» ሁለት ወገኖች ቀጠሮ ይዘው የሚያደርጉት ግጥሚያ ነው። ወሬው ደግሞ «ቻት» ወይም «ቶክ» ነው። ስለዚህ አባወራው «ተጫወቱ» ሲሉኝ ማለት የነበረብኝ «ፕሊስ፣ ሜክ ዩርሰልቭስ አት ሆም» ነበር፤ እንደ ቤታችሁ ቁጠሩት እንደማለት። እንግዳ ዝም ሲል የሚጨነቅ የእኛ ባለቤት የሚፈልገውም ይኸው ነው።

ሌላው አሳሳች ቃል «ስፖርት» ነው። በአማርኛ «ጠዋት ጠዋት ስፖርት እሠራለሁ» እንላለን። ቃል በቃል ሲገለበጥ «አይ ወርክ ስፖርት» ይሆናል፤ ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ትርጉም አይሰጥም። እንግሊዝኛው «አይ ኤክሰርሳይዝ» ወይም «አይ ወርክ አውት» ይላል። ለእያንዳንዱ ስፖርትም የራሱ ግሥ አለው። ኳስ ያለበትን «ፕሌይ» እንላለን። ሩጫና ዋና «ጎ» ይወስዳሉ፤ «ጎ ረኒንግ»፣ «ጎ ስዊሚንግ»። አትሌቲክስና ካራቴ ደግሞ «ዱ» ናቸው።

በዚህ ላይ «ሰፖርት» የሚባል የሚመሳሰል ቃል አለ፤ መደገፍ ማለት ነው። በእኛ አፍ ሁለቱ ሊቀላቀሉ ስለሚችሉ «የማን ደጋፊ ነህ?» ለማለት ስንፈልግ ሌላ ነገር የጠየቅን ይመስላል። «ሁ ዱ ዩ ሰፖርት?» ስንል መጀመሪያ ላይ «ሰ»ን ግልጽ አድርጎ ማውጣት፣ ድምፁንም «ፖ» ላይ ማጠንከር ይረዳል።

ቼልሲን «ማሸነፍ»

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የዲላ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤቶች ሲሞሉ ከመንገድ ላይ ውጤቱን መገመት ይቻላል። ባለቤቴ የአርሴናል ደጋፊ ነው። ሲያሸንፉ ቤት የሚገባው እያፏጨ ነው፤ ሲሸነፉ «እራት ቀርቧል?» ብቻ ነው የሚለው።

በአማርኛ ማሸነፍ አንድ ቃል ነው። ዋንጫም እናሸንፋለን፣ ቼልሲንም እናሸንፋለን። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። ጨዋታን፣ ዋንጫን ወይም ሽልማትን ስናሸንፍ «ዊን» ነው። ተጋጣሚን ስናሸንፍ ግን «ቢት» ነው። ብዙዎቻችን «ዊ ዎን ቼልሲ» እንላለን። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህ ቼልሲን በሎተሪ ያገኘነው ያህል ነው የሚሰማው። ትክክለኛው «ዊ ቢት ቼልሲ» ነው። ይህን አንድ ስህተት ብቻ ብናርም የኳስ እንግሊዝኛችን ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

መሸነፍ «ሉዝ» ነው፤ ያለፈው «ሎስት»። መጨረሻው እንደ ንብ ድምፅ «ዝ» ይላል። «ሉስ» ካልነው የላላ፣ የሰፋ ማለት ይሆናል፤ እንደ ሰፊ ሱሪ። አቻ መውጣት «ድሮው» ነው። ውጤት ሲነበብ ደግሞ በብሪታንያ ልማድ ዜሮ «ኒል» ይባላል፤ 2 ለ 0 «ቱ ኒል»፣ 1 ለ 1 «ዋን ኦል» ይሆናል። በመካከሉ የእኛ «ለ» የለበትም።

«ጎል ገባ» የሚለውም ያሳስታል። ጎል በእንግሊዝኛ አይገባም፤ ተጫዋቹ «ስኮርድ» ነው። ልጄ አንድ ጊዜ አባቷ ከሳሎን «ማን አገባ?» ብሎ ሲጮህ ሰምታ እየሳቀች «ሁ ጋት ማሪድ?» ብላ ተረጎመችለት። ማን ሚስት አገባ ማለቷ ነው። ቀልዷ ቀልድ ነው፤ ግን ቋንቋን ቃል በቃል መገልበጥ ምን እንደሚያመጣ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

«ተጨማሪ ሰዓት» እና «የባከነ ሰዓት» ደግሞ ብዙዎች የሚያምታቷቸው ናቸው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብፅ በመደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 ተለያይተው፣ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ያ 30 ደቂቃ «ኤክስትራ ታይም» ነው። ዳኛው በጉዳትና በቅያሪ የጠፋውን ደቂቃ ሲጨምር ግን «ስቶፔጅ ታይም» ወይም «ኢንጀሪ ታይም» ይባላል። የእኛ «የባከነ ሰዓት» እሱ ነው። የእንግዳዎን ወሬ በዚህ የ1954ቱ ታሪክ ቢጀምሩት ደግሞ አያፍሩበትም።

ማልያ፣ ታኬታ፣ ካልቾ፦ እንግሊዝኛ ያልሆኑ «እንግሊዝኛዎች»

አንዳንድ ቃላት ፈረንጅኛ ስለሚመስሉን እንግሊዝኛ ናቸው ብለን እናስባለን። ማልያ፣ ታኬታ፣ ካልቾና ቴስታ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ለእንግሊዛዊ «ማልያ» ብንለው አይገባውም። እሱ «ሸርት» ወይም «ጀርዚ» ይላል። ታኬታ በብሪታንያ «ቡትስ»፣ በአሜሪካ «ክሊትስ» ነው። ካልቾ «ኪክ» ነው። ቴስታ በጠብ ጊዜ በግንባር መምታት ነውና «ሄድበት» ይባላል፤ ኳስን በጭንቅላት መግጨት ግን «ሄደር» ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀይ ካርድ ያሰጣል!

ኮርነር፣ ፔናሊቲ፣ ኦፍሳይድና ፋውል ግን እንዳሉ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ልጆች ሳያውቁት ያወቋቸው ቃላት ስለሆኑ ለመጀመር ጥሩ ናቸው። «ሃትሪክ»ም እንዲሁ፤ ታሪኩን ልጆች ይወዱታል። ቃሉ ከእግር ኳስ ሳይሆን ከክሪኬት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሼፊልድ ውስጥ አንድ ተጫዋች በሦስት ተከታታይ ውርወራ ሦስት ተጋጣሚዎችን ከሜዳ ስላስወጣ ገንዘብ ተዋጥቶ ባርኔጣ ተገዛለት። «ሃት» ባርኔጣ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዛሬ አንድ ተጫዋች ሦስት ጎል ሲያስቆጥር ባርኔጣው ቢቀርም ስሙ ቀርቷል።

ከአሜሪካ የመጣችው የእኅቴ ልጅ «ሶከር» ስትል ባለቤቴ ተቆጣ። «ፉትቦል ነው እንጂ ሶከር የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው!» አለ። ቃሉ ግን የተወለደው እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የእንግሊዝ ተማሪዎች «አሶሲዬሽን ፉትቦል» የሚለውን ስም ሲያሳጥሩ የፈጠሩት ነው። አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚለውን ለራሳቸው ሌላ ጨዋታ ስለያዙት «ሶከር» እነሱ ዘንድ ቀረ። ስለዚህ ከአሜሪካ እንግዳ ጋር «ሶከር»፣ ከእንግሊዝ እንግዳ ጋር «ፉትቦል» ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ነው።

ፊልምና ቴሌቪዥን፦ «አክተሩ» ይሞታል?

ልጅ ሳለን ቪዲዮ ቤት ያየን ሁሉ አንድ ሕግ እናውቃለን፤ አክተር አይሞትም። በእኛ አነጋገር አክተር ማለት ዋናው ጀግና ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሌባውም፣ ፖሊሱም፣ ሻይ የሚቀዳውም አክተር ነው፤ ተዋናይ ማለት ነውና። ጀግናውን «ሂሮ» ወይም «ሜን ካራክተር»፣ ክፉውን «ቪለን» እንላለን። «ዘ አክተር ዳይድ» ካሉ ሰውየው በእውነት የሞተ መስሎት የሚደነግጥ አለ።

«ቴሌቪዥኑን ክፈት» ስንል እንደ በር ስለምናየው ነው። በእንግሊዝኛ «ኦፕን» አይባልም፤ «ተርን ኦን» ነው፤ መዝጋቱ «ተርን ኦፍ»። ድምፅ መጨመር «ተርን አፕ»፣ መቀነስ «ተርን ዳውን» ነው። እነዚህን አራቱን ሪሞት ኮንትሮሉ ላይ በወረቀት ብትለጥፉ በሳምንት ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ ይለምዳቸዋል።

«ማየት»ም ሦስት ነው። ቴሌቪዥንና ኳስ «ዎች»፣ ፎቶ «ሉክ አት»፣ ዓይናችን ውስጥ የገባው ሁሉ «ሲ» ነው። «ዘፈን»ና «ሙዚቃ»ም ይለያሉ። ሙዚቃ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው «ሶንግ» ነው። እኛ «ክሊፕ» የምንለው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ሚዩዚክ ቪዲዮ» ነው፤ «ክሊፕ» ሲባል የሚገባቸው ተቆርጦ የወጣ አጭር ምስል ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን ከቃል መጨረሻ ነው። ፊልሙ ሲሰለቸን «አይ አም ቦሪንግ» ካልን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለታችን ነው። ሰልችቶኛል ለማለት «አይ አም ቦርድ» ነው። ፊልሙ ነው «ቦሪንግ»፤ እኛ «ቦርድ»። እንዲሁ ፊልሙ «ኢንተረስቲንግ»፣ እኛ «ኢንተረስትድ»። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ወጣት ይህን ከመግባቱ በፊት ቢያስታውሰው መልካም ነው።

ተከታታይ ድራማ «ሲሪስ» ይባላል፤ አንዱ ክፍል «ኤፒሶድ»፣ አንዱ ዙር «ሲዝን»። በየቀኑ የሚታየው የፍቅርና የቤተሰብ ድራማ ደግሞ «ሶፕ ኦፔራ» ነው፤ «የሳሙና ኦፔራ»። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ የምወደው ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳሙና አምራቾች ቤት የሚውሉ እናቶች እንዲሰሟቸው ተከታታይ የሬድዮ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ድራማው ሳሙናውን ሸጠ፣ ሳሙናውም ለድራማው ስም ሰጠው። ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ ድርጅቶቹን የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ይጠራል። ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ የት ይገኛል?

ስለ ራሳችን የምንጠየቀው

ኢትዮጵያዊ ነኝ ስንል ብዙ ፈረንጆች ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሩጫ ነው። መልስ ይዞ መገኘት ያኮራል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ታምራት ቶላ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ለመናገር የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። ክብረ ወሰን «ሬኮርድ»፣ መስበር «ብሬክ»፣ ዙር «ላፕ»፣ አሯሯጭ «ፔስሜከር»፣ የራስ ምርጥ ሰዓት «ፐርሰናል ቤስት»።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ትክል ድንጋዮቹን፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡናና እንሰት ለማየት የሚመጣ እንግዳ ስለ ዳራሮ በዓል፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ጭፈራው ይጠይቃል። በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው ጌዴኦ ዲላ የዚሁ ከተማ ክለብ ነው። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት የገጠማትን የቋንቋ ፈተና መገመት አያዳግትም። ኳስ የሚወዱ ሴት ልጆቻችን የእንግሊዝኛውን ቃል ከታኬታቸው ጋር አብረው ቢይዙ መንገዱ ይቀልላቸዋል።

ሰኞ ማክሰኞ ያመጣው ወሬ

ወደ ልጄ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ውስጥ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አሰመሩ። እንግዳዋ ከበረንዳ ላይ ሆና አየችና ብድግ ብላ «ሆፕስካች!» አለች። ልጄ ቃሉን ሰምታው አታውቅም፤ ግን ገባት። ድንጋይ አቀበለቻት። «ዩር ተርን» አለቻት፤ ተራሽ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው? ገመድ ዝላይ «ጃምፕ ሮፕ» ሆነ። ድብብቆሽ «ሃይድ ኤንድ ሲክ»፣ ብይ «ማርብልስ»፣ ጆተኒ «ፉስቦል»። ቅልልቦሽ «ጃክስ» ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል ብላ እኅቴ ራሷ ወለል ላይ ተቀምጣ አሳየቻቸው። ለገበጣ ቃል ሲያጡ ልጄ እንዲሁ «ገበጣ» አለቻት፤ እንግዳዋም ገበጣ ብላ ተማረችው። «ዩ ቺትድ!» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ ተሰማ፤ አጭበረበርሽ ማለት ነው። ጸባቸውን ስሰማ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ያስተዋልኩት ይህን ነው። ልጄ የጎደላት ሰዋስው አልነበረም። እንግሊዝኛ ለእሷ የሚታረም ነገር ነበር እንጂ የሚጫወቱበት አልነበረም። ስህተቷን ስትፈራ ዝም አለች። ተራዋ እንዳያልፋት ስትቸኩል ግን መፍራቱን ረሳችው።

እቤት ውስጥ እንዴት እንለማመድ?

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት የጀመርናቸውን ጥቂት ልማዶች ላካፍላችሁ። ብር አያስወጡም።

የመጀመሪያው የ10 ደቂቃ ልማድ ነው። ከኳስ ወይም ከፊልም በኋላ ሦስት ጥያቄ በእንግሊዝኛ እንጠያየቃለን። ለኳስ «ሁ ዎን?»፣ «ዋት ዋዝ ዘ ስኮር?»፣ «ሁ ስኮርድ?»። ለፊልም «ዲድ ዩ ኢንጆይ ኢት?»፣ «ሁ ዋዝ ዩር ፌቨሪት ካራክተር?»፣ «ሃው ዲድ ኢት ኤንድ?»። ሦስት ብቻ። ሲበዛ ትምህርት ቤት ይመስላል።

ሁለተኛው፣ በሰው ፊት አናርምም። ልጅ «ዊ ዎን ቼልሲ» ካለች «የስ፣ ዊ ቢት ቼልሲ!» ብሎ ደስታዋን መካፈል ይበቃል። ትክክለኛውን ሰማችው፤ አላፈረችም። በማርኬቲንግ አንድን ስም ሰው የሚይዘው ደጋግሞ በመስማት ነው፤ ተቆጥተን ያስያዝነው ደንበኛ የለም።

ሦስተኛው፣ ጌዴኡፋውንና አማርኛውን አንነጥቅም። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ እንዲችል ከአያቱ ጋር እንኳ በእንግሊዝኛ እንዲያወራ ያስገድዳሉ። በቤቱ ቋንቋ ተረት መናገርና ሰው ማሳቅ የለመደ ልጅ በሌላውም የሚናገረው አያጣም። የሚያወራው ነገር የሌለው ሰው በየትኛውም ቋንቋ ዝም ነው የሚለው።

አራተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ወጣቶቻችን ብዙ የኳስ እንግሊዝኛ የሚለቅሙት ከቤቲንግ ቤቶች ነው። «ኦድ» እና «ኦቨር» የሚሉትን ከ«ዊን» ቀድመው የሚያውቁ ልጆች አሉ። ልጅዎ አዲስ የኳስ ቃል ይዞ ሲመጣ ከየት እንደሰማው በፍቅር ይጠይቁት።

እኔም ራሴን አልተውኩም። አሁን እንግዳ ይዤ ስወጣ ከቡናው መረጃ ጋር የሳምንቱን የጨዋታ ውጤት አይቼ ነው የምሄደው። ያላየሁት ከሆነም «አይ ሚስድ ኢት፤ ሁ ዎን?» እላለሁ። አመለጠኝ፣ ማን አሸነፈ? ሰው ስለሚወደው ቡድን ሲጠየቅ እንዴት እንደሚፈታ ያየሁት በዚያች አጭር ጥያቄ ነው። «የስ» ብዬ ከምዋሽ ይልቅ እሷ ሩቅ ወስዳኛለች።

እኅቴና ልጇ ሊመለሱ በተነሱበት ቀን ቤቱ በጎረቤትና በዘመድ ሞልቶ ነበር። ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ ሁሉም ሲሳሳም ልጆቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። የእኅቴ ልጅ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ቡና ዙሪያ ተቀምጠው የቀሩትን አያቷንና ጎረቤቶቹን አየችና ልጄ ያስተማረቻትን፣ በተሰባበረ ግን ጥርት ብሎ በሚሰማ አማርኛ ተናገረችው።

«በሉ ተጫወቱ!»

ምን ይጫወቱ ብሎ የጠየቃት የለም።